«ሶሲዮሎጂ ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው?»

ስልኩ ሲጮህ ቡና ላይ ነበርኩ። የልጅ ልጄ ናት። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ጨርሳ የዲፓርትመንት ምደባ የምትጠብቅበት ሰሞን ነበር።

«እምዬ፣ የመጀመሪያ ምርጫዬ ደረሰኝ!» አለችኝ።

«ሕግ?» አልኳት። ቤተሰቡ ሁሉ ሲያወራ የከረመው ስለ ሕግ ነበርና።

«አይደለም።»

«አካውንቲንግ?»

«ሶሲዮሎጂ!»

ጀበናው ገንፍሎ ከሰሉን አጠፋው። እንኳን ደስ አለሽ ማለት ሲገባኝ «ሶሲዮሎጂ ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው?» አልኳት። በወዲያ በኩል ዝም አለች። ከዚያ «ካርዴ እያለቀ ነው» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ካርዷ እንዳላለቀ አውቃለሁ፤ የሞላሁላት እኔ ነበርኩ።

እኔ በዲፕሎማ የተመረቅኩ ነርስ ነኝ። በ2012 ዓ.ም. ጡረታ እስክወጣ ድረስ አብዛኛውን ዕድሜዬን የሠራሁት በይፋት ቆላ ነው። በካራቆሬ እስከ ዛሬ በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ ለልጁም ለሽማግሌውም «ሲስተር» ነኝ። ለኔ ሙያ ማለት በእጅ የሚያዝ ነገር ነበር። መርፌ ነው፣ ጠመኔ ነው፣ እንደ ልጄ ለአዲስ አበባው ሹፌር ደግሞ መሪ ነው። ወላጆቿ አዲስ አበባ ስለሚኖሩ ይህችን ልጅ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ነጩን ጋውን እንደምታወርሰኝም ቆርጬ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ስትገባ «እምዬ፣ እኔ ደም ማየት አልወድም» ብላ ማኅበራዊ ሳይንስ መረጠች። ያን ጊዜ አንድ ሳምንት አኮረፍኩ። ሕግ ትማር ይሆናል ብዬ ነው የተጽናናሁት።

ደግሞ የደረሰችበትን በር ጠባብነት አስቡት። በጥቅምት 2015 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ገብተው ሲፈተኑ እሷም አንሶላዋን ሸክፋ ሄዳለች። ውጤቱ ሲወጣ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። የኛ ልጅ ከነዚያ ውስጥ ነበረች። በግ አረድን፤ ጎረቤት እልል አለ። በዚያ በር ሾልካ የገባች ልጅ ማንም ሥራ አይሰጠውም የሚባል ትምህርት ስትመርጥ ምን ይባላል? ለዓመታት መንግሥት ራሱ ሰባ በመቶውን ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳውን ብቻ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ሲመድብ ነበር። የኛ የወላጆች ጆሮ ከዚያ የሰማው ሠላሳው ትራፊ መሆኑን ነው። ከኛ ሰፈር አንድ ልጅ በዚሁ ትምህርት ተመርቆ ባጃጅ ይነዳል። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሲያየኝ «ሲስተር፣ ግቢ ላድርስሽ» ይለኛል። ባየሁት ቁጥር የሷ ነገር ይታወሰኛል።

አባቷ ደወለ። «እማዬ፣ አንቺን ትሰማለች፤ አሳምኛትና ትቀይር» አለኝ። በዕረፍት ስትመጣ ላሳምናት ተዘጋጀሁ። የጣርማበርን ጉም አቋርጣ፣ በደብረ ሲና በሸዋ ሮቢት ወርዳ፣ የደጋ ጋቢዋን በሙቀታችን ላይ ደርባ ገባች። ውኃ ጠጥታ እስክታርፍ አልታገስኩም። አባቷ ያለውን፣ የባጃጁን ልጅ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

እሷም አልተቆጣችም። «እምዬ፣ በ2013 ስንሸሽ የጠየቅኩሽን ታስታውሺያለሽ?» አለችኝ።

እንዴት እረሳለሁ።

በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 አጣዬና ካራቆሬ የደረሰብንን በዚህ ገጽ መዘርዘር አልፈልግም፤ ያየው ያውቀዋል፤ የሞተበትም አለ፤ እናት ያላለቀሰችበት ወገን የለም። እኛ ጥይቱን የሰማነው በጨለማ ነው። እኔ፣ እሷና አንዲት ወላድ ጎረቤታችን ነጠላ ደርበን ወጣን። መንገድ ላይ ክንዱን የተመታ ጎረምሳ አግኝቼ በነጠላዬ ጥለት አሰርኩት፤ ከዚያ በላይ በእጄ ምንም አልነበረኝም። ወደ ማጀቴ አቅጣጫ፣ ወደ ደጋው ወጣን። ከግድግዳዬ ቀጥላ ሃያ ስምንት ዓመት የኖረችው ሙስሊም ጎረቤቴና ቤተሰቧ ደግሞ ወደ ታች፣ ወደ ሜዳው ወረዱ። በሩ ላይ ተያይተናል። አልተነጋገርንም።

አቀበቱ መሐል ላይ ይህች ልጅ ቆም ብላ «እምዬ፣ እኛ በዚህ፣ እነሱ በዚያ እንድንሸሽ ማን ነው የነገረን?» አለችኝ። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። «ዝም ብለሽ ውጪ!» አልኳት። መልስ ስላልነበረኝ ነው። ማንም አልነገረንም። ሁላችንም አውቀነው ነበር። መቼ እንዳወቅነው ግን አላውቅም።

ስንመለስ የሁለታችንም ቤት ተቃጥሎ ነበር። ግድግዳው የጋራ ስለሆነ እሳቱ አልለየውም። እኛ ጣሪያውን በቆርቆሮ ሸፈንን። እነሱ ሰንበቴ ዘመዶቻቸው ዘንድ እንደሆኑ ሰማን። በኅዳር 2014 ደግሞ ጦርነቱ ራሱ በአስፋልታችን አለፈ፤ ሌላ ሽሽት፣ ሌላ መመለስ።

«እሱን ጥያቄ የሚጠይቅ ትምህርት ስፈልግ ነው ያገኘሁት» አለችኝ። የአባቷን መልእክት አጥፌ አስቀመጥኩት። አምኜ አልነበረም። ለልጄም «እምቢ አለች» ብዬ ነው የነገርኩት።

ከዚያ በኋላ በየዕረፍቱ ስትመጣ ቡና ላይ ታስተምረኝ ጀመር። የምታወራው ነገር አንዳንዱ አሰልቺ ነው፤ ፈረንጅ ከፈረንጅ ጋር የተከራከረበት ብዙ አለው። ስሙን ያወጣለት ኦጉስት ኮምት የሚባል ፈረንሳዊ ነው አለችኝ፤ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ። ኢብን ኻልዱን ሲመጣ ግን ጆሮዬ ቆመ። ቱኒዝ ተወልዶ ካይሮ የሞተ ሙስሊም ሊቅ ነው። «ሙቀዲማ» የተባለውን ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1377 ሲጨርስ የኛው ይፋት የሱልጣኖች አገር ነበረች። ይህ ሰው «ዐሰቢያ» ብሎ የጠራው ነገር አለ። ሰዎችን «እኛ» የሚያሰኛቸው፣ አንዱ ሲነካ ሌላው የሚነሣበት ማሰሪያ ነው። ያለሱ አገር አይቆምም ይላል፤ እሱ ሲላላም መንግሥት ይወድቃል። «ያቺ ሌሊት ወደ ደጋ ያስወጣችን እሷ ናት ማለት ነው?» አልኳት። «እሷ ብቻ ብትሆን ቀላል ነበር» አለችኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንዲህ ነው፤ ጠይቀኸው ጨምሮልህ ይሄዳል።

ሌላ ጊዜ ስለ ዶናልድ ሌቪን መጽሐፍ ይዛ መጣች። «ሰምና ወርቅ» ነው ርእሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመ። አሜሪካዊው መንዝ ገብቶ ኖሮ፣ የገበሬውን አስተዳደግ፣ ልቅሶውን፣ ንግግሩን አጥንቶ ነው የጻፈው። መንዝ ማለት እኮ እኛ ከደጃፋችን ቀና ስንል የምናየው ተራራ ነው! እኔ በሕፃንነቴ እዚህ ቆላ ስድህ ሰውየው እዚያ ላይ ሰው እየጠየቀ ይዞር ነበር ማለት ነው። የሰው አገር ሰው ይህን ያህል ሲደክም እኛ ጎረቤታችንን ምን ያህል ጠይቀናል ብዬ አሰብኩ። ልጅቱ ደግሞ ሌላ ነበር ያሰበችው። «ስለ ደጋው ተጻፈ፤ ቆላውን ማን ጠየቀን?» አለች።

እውነት ለመናገር ልቤን ያሸነፈችው በመጻሕፍቱ አይደለም፤ በአጎበር ነው።

ወባ በኛ አገር ከመስከረም እስከ ኅዳር ትበረታለች። አጎበር በገፍ መታደል ከጀመረ በኋላ ቤት ለቤት ዞሬ ቆጥሬያለሁ። በሳጥን ተጣጥፎ ለሙሽራ የተቀመጠ አይቻለሁ፤ ጭድ የተሸከሙበትም አለ። ተሰቅሎ እያለም ወንዶቹ ይታመማሉ። ሪፖርቱ ላይ በየዓመቱ የምንጽፈው «የኅብረተሰቡ የግንዛቤ ችግር» የሚል ነበር። ይህን አረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት እግዜር ይወቀው።

ይህን ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «በመስከረምና በጥቅምት ሌሊት ወንዶቹ የት ነው የሚያድሩት?» አለችኝ።

አፌን ያዝኩ። የማሽላ አገር ልጅ ነኝ እኮ! ማሽላው ሲያፈራ አባወራውና ልጆቹ ከርከሮና ጃርት ሲከላከሉ የሚያድሩት ማሳ ላይ፣ ማማ ላይ ነው። አጎበሩ ቤት ተሰቅሎ ሰውየው ማማ ላይ ነው። ወንድሞቼ በየዓመቱ በዚያው ወራት በወባ ይወድቁ የነበረው ለዚሁ ነው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ቅጻችን ዕድሜ ይጠይቃል፣ ጾታ ይጠይቃል፣ ቀበሌ ይጠይቃል፤ የት አደርክ የሚል ዓምድ ግን አልነበረውም። ዓምድ ስለሌለው እኔም አልጠየቅኩም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የግንዛቤ ችግር የነበረብኝ እኔው ነበርኩ።

ይህ ደግሞ ሌላ አስታወሰኝ፤ ለማንም አውርቼው የማላውቀውን። በ1977 ድርቅ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። በወሎ መንገድ ዳር ካሉት መጠለያዎች በአንዱ ተመድቤ ሠርቻለሁ። ሕፃናቱ ሲመጡ የክንዳቸውን ዙሪያ ስለካ ጣቴ ይበቃው ነበር። አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች፤ ከደረሰች ከሁለት ሰዓት በኋላ ሞተባት። ደክሞኝ ነበር፤ ተናድጄም ነበር፤ «እስካሁን የት ነበርሽ? ለምን ዘገየሽ?» ብዬ ጮህኩባት። ቀና ብላ አየችኝ እንጂ አልመለሰችልኝም።

ልጅቱ ይህን ሰምታ ብዙ ቆየች። ከዚያ የተመራማሪውን የደሳለኝ ራህማቶን ጥናት ነገረችኝ። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ነው፤ የወሎ ገበሬ በዚያ ረሃብ እንዴት እንደሞተ ሳይሆን እንዴት ሊተርፍ እንደታገለ ይጠይቃል። ገበሬው ዝናቡ ሲቀር ጀምሮ ያውቀዋል። መጀመሪያ ምግቡን ይቀንሳል። የዱር ፍሬና ቅጠል ይለቅማል። ከዘመድ ይበደራል። ፍየሉን፣ በጉን ይሸጣል፤ በሬውን እስከመጨረሻው ይዞ ይቆያል፤ በሬ ከሌለ የከርሞ እርሻ የለምና። ቀዬውን ጥሎ የሚወጣው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ወደኛ መጠለያ የመጣው ሰው ቸልተኛ ሆኖ አልነበረም የዘገየው፤ ሁሉን ነገር ሞክሮ ነው። ያቺ ሴት ለኔ ጥያቄ መልስ ነበራት። እኔ ለመስማት የተዘጋጀሁ አልነበርኩም።

በነርስ ትምህርታችን በኋላ የመጣ «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚባል ነገር አለ። ወላድ የምትሞተው ወደ ሕክምና ለመሄድ ስትወስን በመዘግየቷ፣ መንገድ ላይ በመዘግየቷ፣ ደርሳም አገልግሎት እስክታገኝ በመዘግየቷ ነው ይላል። ለሥልጠና ስንሄድ በፍሊፕ ቻርት ጽፈን አጨብጭበንለታል። የመጀመሪያው መዘግየት ውስጥ ባል አለ፣ አማት አለች፣ የቡና ወጪ አለ፣ ማን ከብት ይጠብቅ አለ። ይህ ሁሉ ሶሲዮሎጂ ነው። እኛ ግን ቶሎ ብለን የምንሮጠው ወደ ሦስተኛው፣ ወደ መርፌው ነበር።

ዘንድሮ አራተኛ ዓመት ደረሰች። የመመረቂያ ጽሑፏን በምን ላይ እንደምትሠራ ስትነግረኝ ፈራሁ። ስለ ቅሬ ነው አለች።

ላላወቃችሁት፣ ቅሬ በወሎና በኛ በይፋት አካባቢ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። ዳኛ አለው፣ ደብተር አለው፣ የቀረ ይቀጣል። የኛ ቅሬ ክርስቲያንና ሙስሊም ያንድ ላይ ነበር። የሙስሊም ሬሳ ሲወጣ ክርስቲያኑ ይሸከማል፤ ክርስቲያን ሲሞት ሙስሊሙ መቃብር ይቆፍራል። ልቅሶ ቤት ሁሉም አብሮ የሚበላው ንፍሮ ስለሆነ የሥጋ ጉዳይ አያለያይም። ለኔ ለነርሷ ደግሞ ቅሬ ሌላም ነገር ነው። አምቡላንስ ከመምጣቱ በፊት አምቡላንሳችን እሱ ነበር። ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ስምንት ሆነው እየተፈራረቁ፣ ሦስት ሰዓት መንገድ፣ በሌሊት ያመጡልኝ የቅሬ ሰዎች ናቸው። መንገድ በሚዘጋባቸው ቀናት አሁንም ወደ ቃሬዛው እንመለሳለን፤ ሸካሚው ግን አንሷል።

ልጅቱ መጠይቋን በመጀመሪያ እኔ ላይ መሞከር አለብኝ አለች። ፊት ለፊቴ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ወረቀት አንሥታ «ስምሽ አይጻፍም፤ ካልፈለግሽ አለመመለስ ትችያለሽ፤ በመሐል ማቆም ትችያለሽ» እያለች የፈቃድ ቅጽ አነበበችልኝ። ሳቅሁ። ያሳደግኳት ልጅ ፈቃድ ስታስፈርመኝ! እሷ አልሳቀችም። ፈረምኩ።

የቅሬያችሁ አባወራ በ2012 ስንት ነበር? ነገርኳት። አሁንስ? ነገርኳት። የጎደሉት በምን ጎደሉ? የሞተ አለ፣ የተሰደደ አለ፣ አዲስ አበባ የገባ አለ።

«ወደ ሜዳው የሄዱትን ቅሬው በስብሰባ ነው ያሰናበታቸው?»

«አይ፣ ማን ያሰናብታቸዋል።»

«ስማቸው ከደብተሩ ተሰርዟል?»

«አልተሰረዘም።»

«ታዲያ አሁን ደብተሩ ላይ አሉ?»

አሰብኩት። አሮጌው ደብተር በቃጠሎው ግማሹ ተበልቷል። አዲስ ደብተር ሲገዛ ስሞቹን የገለበጥነው ሦስት ሰዎች ነን፤ አንዷ እኔ ነኝ፤ ጽሕፈቴ ያምራል ተብዬ። በመብራት ሌሊት ላይ ተቀምጠን ገለበጥን። እነሱ ስም ጋ ስንደርስ ማንም «ይህን እለፊው» አላለኝም። አለፍኩት።

ይህን ነገርኳት። ድምጿን ሳትለውጥ ጻፈች።

ቀጥላ «ባለፉት ሁለት ዓመታት መድረስ ሲገባሽ ያልደረስሽበት ልቅሶ አለ?» አለች።

ይህን ጥያቄ ለማንም የምትጠይቀው ነው፤ በወረቀቱ ላይ ቁጥር አለው፤ አይቼዋለሁ። የዚያች ጎረቤቴ ባል ሰንበቴ መሞቱን ግን በቤታችን ሁላችንም ሰምተናል። ልጅቱም ታውቃለች። ሁለቱን የመጨረሻ ልጆቿን ያዋለድኩት እኔ ነኝ። ይህችን የልጅ ልጄን ከኔ እኩል ያዘለቻት እሷ ናት። ባሏ ሲሞት መንገዱ አስጊ ነው ብዬ አልሄድኩም። መንገዱ አስጊ ያልሆነበት ቀንም ነበር። ስልክ ቁጥሯ አለኝ፤ አልደወልኩም። ቅሬውም አልሄደ፤ ብቻዬን ብሄድ ምን እባላለሁ አልኩ።

«መልስ የለኝም በይ» አልኳት።

ጻፈችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። የማልቀስ ፊት እንኳን አላሳየችኝም። በልቤ «ምን ዓይነት ትምህርት ነው ይሄ!» ብዬ ተቆጣሁ። ማታ ግን ደምመላሽ እንደተገኘለት ሰው ጎኔ ሁሉ ሲነዝረኝ አደረ።

ሰንበቴ እሑድ ይገበያል። ደጋውም ቆላውም ከጥንት ጀምሮ የሚገናኝበት ገበያ ነው፤ ማሾም ማሽላም ግመልም ይወርድበታል። ችግሩ ረገብ ባለበት አንድ እሑድ ከነጋዴዎች ጋር ተሳፈርኩ። ለልጅቱ ገበያ ልሄድ ነው አልኳት። ሁለት ኪሎ ስኳርና ቡና ያዝኩ። የደም ግፊት መለኪያዬንም ቦርሳዬ ውስጥ ጨመርኩ፤ ለምን እንደያዝኩት ያኔ ብትጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም፤ ባዶ እጅ ላለመሆን ይመስለኛል።

ቤቱን አንድ ልጅ አሳየኝ። ጎረቤቴ ደጃፍ ላይ እህል ታበጥር ነበር። ከስታለች። አየችኝ፤ አልተነሣችም። ወንፊቱን አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ሲስተር፣ ዘገየሽ» አለችኝ።

አንድም ነገር መመለስ አቃተኝ። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም አለቀስን፤ እሷ ለባሏ ነው፤ እኔ ለምን እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ልጇ ቡና አቀረበች። ሁለተኛው ላይ መለኪያውን አውጥቼ ክንዷን አሰርኩ። 170 በ100። መድኃኒቱ ካለቀባት ወር አልፎታል። ጨው እንድትቀንስ ነግሬ፣ የሚቀርባትን ጤና ጣቢያ ጠይቄ፣ በየትኛው ቀን መድኃኒት እንደሚሰጡ ከልጇ ጋር ተነጋገርን። የድሮው ወሬያችን በዚያ በኩል ተመለሰ። የጋራውን ግድግዳ ጠየቀችኝ። ቆሟል አልኳት።

«ልጄስ?» አለች። ልጄ የምትላት የኔዋን ነው።

«ዩኒቨርሲቲ ናት። ልትመረቅ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ! ሐኪም?»

«አይደለም። ሶሲዮሎጂ ነው የምትማረው።»

«እሱ ደግሞ ምን ያደርጋል?»

ለልጄ፣ ለጎረቤት፣ ለራሴም ሦስት ዓመት ሙሉ ስሸሸው የከረምኩት ጥያቄ ነው። «ሰው ይጠይቃሉ» አልኳት።

«ሥራ አለው?»

«እንጃ።»

አሁንም እንጃ ነው የምለው። የመውጫ ፈተናው ከፊቷ ነው። በሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮዎች፣ በፍርድ ቤትና በሆስፒታል የማኅበራዊ ሠራተኛ ቦታ እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ቦታው ከተመራቂው ቁጥር ጋር እንደማይመጣጠንም አውቃለሁ። አባቷ አሁንም በየሳምንቱ ይደውላል። ፍርሃቱ የሷን ትምህርት ከመናቅ አይደለም፤ እንጀራ ነው የሚያሳስበው፤ እኔም አልፈርድበትም። አንድ ነገር ብቻ ለወላጆች ልበል። ልጃችሁ የመረጠውን ሲነግራችሁ ቀድማችሁ ምን ትሆናለህ አትበሉ። ለምን ወደድከው በሉ። እኔ ያን ጥያቄ ሦስት ዓመት አዘግይቻለሁ።

ማታ ስመለስ ልጅቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። ገበያ የሄደ ሰው ባዶ ዘምቢል ይዞ አይመለስም፤ ገብቷታል። ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ ልጅ ትከሻዬ ላይ ተደፋች። ትንሽ ቆይታ፣ ዓይኗን እየጠረገች፣ «እምዬ፣ ይህንን ጽሑፌ ላይ ላስገባው?» አለች።

«ያን የፈቃድ ወረቀት አምጪና የኔን እፈርማለሁ» አልኳት። «የሷን ግን ራስሽ ሰንበቴ ሄደሽ ጠይቂያት። ስትሄጂ የግፊት መድኃኒቷን ይዘሽ ሂጂ።»